ሚዛን ላይ የተጣደ ጨው፦ የብርቅዬ ምድር ንጥረ ነገሮች ብርቅነት ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2025 የቻይና ንግድ ሚኒስቴር ሰባት ንጥረ ነገሮች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ የሚያዝ ማስታወቂያ አወጣ። ስማቸውን ለሚሰማ ሰው የመድኃኒት ዝርዝር ይመስላል፦ ሳማሪየም፣ ጋዶሊኒየም፣ ቴርቢየም፣ ዲስፕሮሲየም፣ ሉቴሺየም፣ ስካንዲየም እና ኢትሪየም። በሜይ ወር የፎርድ ኩባንያ ቺካጎ የሚገኘውን የመኪና ፋብሪካውን ለአንድ ሳምንት አቆመ፤ ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ የሚገቡበት ማግኔት አልደረሰውም ነበር። በኦክቶበር 9 ሌሎች አምስት ንጥረ ነገሮች ተጨመሩ። በወሩ መጨረሻ የአሜሪካና የቻይና መሪዎች ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቡሳን ላይ ሲገናኙ የኦክቶበሩ እርምጃ ለአንድ ዓመት እንዲዘገይ ተስማሙ፤ የኤፕሪሉ የፈቃድ ግዴታ ግን ባለበት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ፣ እነዚህ ስለሚመደቡበት ስለ ብርቅዬ ምድር ንጥረ ነገሮች ያልጻፈ ጋዜጣ፣ ያልተናገረ ተንታኝ የለም። የሁሉም ዓይን ያረፈው ጉድጓዱ ላይ ነው። የትኛው አገር ስንት ቶን አለው፣ ማን ከማን ጋር ተፈራረመ፣ የትኛው ተራራ ተገዛ። እኔ አንባቢን ከጉድጓዱ አውጥቼ ወደ አንዲት ትንሽ ሚዛን ልወስደው ነው። ሚዛኗ ምድጃ ውስጥ የገባች ናት። ሳህኗ ከጣት ጥፍር ብዙም አትሰፋም። ሳህኗ ላይ የተቀመጠው 20 ሚሊ ግራም የሚያህል ፈዛዛ ሐምራዊ ዱቄት ደግሞ የኒዮዲሚየም ሴሌናይት ይባላል፤ ኒዮዲሚየም ከብርቅዬ ምድር ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፣ ሴሌናይት ደግሞ ሴሌኒየምና ኦክስጅን የተጣመሩበት ነው። ይህን ዱቄት ገበያ ላይ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ዛሬ መንግሥታትን የሚያሟግተው ጉልበት ከድንጋዩ ይልቅ እንዲህ ያሉ ጨዎችን አሠራርና ጠባይ ለዓመታት አጥንቶ ከማወቅ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኬሚስቶች ቋንቋ «ምድር» ማለት እሳት የማይበግረው፣ ውኃ የማያሟሟው ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ ንጥረ ነገር) ማለት ነበር። «ብርቅዬ» የተባለውም ያኔ ከአንድ ሁለት የስዊድን ስፍራዎች ውጭ የት እንዳለ ስለማይታወቅ ነው። ከእነዚህ አንዷ ኢተርቢ የምትባል የድንጋይ ካባ ያለባት መንደር ናት። በ1787 ካርል አክሴል አሬንየስ የተባለ መኮንን እዚያ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ፤ በ1794 ፊንላንዳዊው ዮሃን ጋዶሊን ያንን ድንጋይ መርምሮ የማይታወቅ ኦክሳይድ እንዳለበት አስታወቀ። በዚያች አንዲት መንደር ስም አራት ንጥረ ነገሮች ተሰይመዋል፦ ኢትሪየም፣ ቴርቢየም፣ ኤርቢየም እና ኢተርቢየም። ብዛታቸውን በተመለከተ ግን «ብርቅዬ» የሚለው ቃል አይገባቸውም። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ብዛት አለው። ከቤተሰቡ አናሳ የሚባለው ቱሊየም እንኳ ከብርም ከወርቅም ይበዛል።

ጣጣው መመሳሰላቸው ነው። ቤተሰቡ 17 አባላት አሉት፤ አንዱ በተገኘበት ድንጋይ ውስጥ በአብዛኛው ሌሎቹም ተደባልቀው አሉ። ሁሉም በአብዛኛው ሦስት ሦስት ኤሌክትሮን ሰጥተው ጨው ይሆናሉ። የሚለያዩት በመጠን ነው። ከተርታው መጀመሪያ ያለው የላንታነም አዮን (ኤሌክትሮኖቹን ሰጥቶ የቀረው አቶም) ራዲየስ 103 ፒኮሜትር ገደማ ሲሆን ከተርታው መጨረሻ ያለው ሉቴሺየም 86 ገደማ ነው፤ ይህ 17 ፒኮሜትር ከላንታነም እስከ ሉቴሺየም ላሉት 14 ደረጃዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከአንድ ፒኮሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድ ፒኮሜትር የአንድ ሜትር ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። ጎረቤታሞቹን ለመለየት በእጃችን ያለችው ልዩነት ይህችው ናት። አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዝ ተወላጁ ቻርልስ ጄምስ በ1911 ንጹሕ ቱሊየም ለማግኘት ጨዉን እያሟሟ መልሶ ወደ 15,000 ጊዜ ያህል አንጥሮታል። ዐሥራ አምስት ሺህ ጊዜ! የእኛ ሰው «ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ» የሚለው ለዚህ ዓይነት ሥራ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የእሱ ሥራ በመጨረሻ ንጹሕ ቱሊየም ማስገኘቱ ነው።

አሁን ሴሌኒየም ወደ ታሪኩ ይግባ። ያስገባውም ሰው ከቤተሰቡ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ስዊድናዊው ዮንስ ያኮብ ቤርሴሊየስ በ1803 ከቪልሄልም ሂሲንገር ጋር ሆኖ ሴሪየምን አገኘ፤ ጀርመናዊው ክላፕሮትም በዚያው ዓመት ለብቻው ደርሶበታል። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1817፣ ቤርሴሊየስ ድርሻ በነበረው የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ውስጥ ከጋኑ ሥር የሚጠራቀም ቀይ አተላ አስቸገረ። አተላው ሲቃጠል በሚሰጠው ሽታ የተነሣ መጀመሪያ ቴሉሪየም መስሎት ነበር። አለመሆኑን ሲያረጋግጥ አዲሱን ንጥረ ነገር በግሪክኛ በጨረቃ ስም ሴሌኒየም አለው፤ የቴሉሪየም ስም ከመሬት የመጣ ነውና ለመሬት ጨረቃ ሰጣት ማለት ነው። ስለዚህ የሴሪየም ሴሌናይት የሚባለው ጨው የአንድ ሰው ሁለት ግኝቶች ጋብቻ ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። የቤርሴሊየስ ተማሪ ካርል ጉስታፍ ሞሳንደር በ1839 የሴሪየም ናይትሬት ወስዶ በእሳት አፈረሰውና የተረፈውን ዱቄት በቀጭን ናይትሪክ አሲድ አጠበው። ከፊሉ ሟሟ፣ ከፊሉ እንቢ አለ። በሟሟው ውስጥ ያለው ሌላ ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ለ36 ዓመት ሴሪየም ውስጥ ተሸሽጎ ኖሯል። ስሙንም ላንታነም አሉት፤ «የተደበቀው» እንደ ማለት ነው። ጨዉን አሙቅ፣ ምን እንደቀረ ተመልከት፤ ይህ ቤተሰብ አባል በአባል የተገለጠው እንዲህ ባለ ዘዴ ጭምር ነው።

ሴሌናይት ሲባል ቅርጹን ለማየት የገጠር ወጥ ቤት ይበቃል። ሦስት ጉልቻ አስቡ፤ ጉልቻዎቹ ሦስት የኦክስጅን አቶሞች ናቸው። ከላያቸው የተጣደችው ድስት ሴሌኒየም ናት። ከድስቷ አፍ ወደ ላይ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ከማንም ጋር ያልተያያዘ የኤሌክትሮን ጥንድ ነው። በዚህ ጥንድ ምክንያት ነገሩ ወደ አንድ ጎን ያደላ ነው፤ ከላይ ባዶ፣ ከታች ሦስት እጅ። አራተኛ ኦክስጅን ቢመጣና ያንን ቦታ ቢይዝ ሴሌናይት መሆኑ ቀርቶ ሴሌኔት ይሆናል፤ ጠባዩም ይለወጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኢንተርኔት ላይ ሴሌናይት ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚመጣለት ፈውስ ይሰጣል እየተባለ የሚሸጥ አንጸባራቂ ነጭ ድንጋይ ነው። ያ ጄሶ ነው፤ ሴሌኒየም የሚባል ነገር የለበትም። ሁለቱም ስማቸውን ከጨረቃ ስለወሰዱ ብቻ ይምታታሉ።

ጨዉን ለመሥራት ቀላሉ መንገድ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ነው። የኒዮዲሚየም ኦክሳይድ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ውኃው ፈዛዛ ሐምራዊ ይሆናል። የሶዲየም ሴሌናይት ውኃ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ወዲያው ይረጋል። የሚረጋው ግን ደስ የሚል ክሪስታል አይደለም፤ ሙቅ የመሰለ፣ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ተንሰራፍቶ ውኃውን አላሳልፍ የሚል ልጥ ያለ ዝቃጭ ነው። ሶዲየሙንም ክሎራይዱንም አቅፎ ይቀመጣል። የሚያዋጣው ትዕግሥት ነው። ከነውኃው ለብ እንዳለ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሲተዉት ዝቃጩ ቀስ በቀስ ራሱን ያደራጃል፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ቅርጽ ያለው እህል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማጠቡም ማጣራቱም ይቀላል።

ውኃው ምን ያህል ኮምጣጣ ነው የሚለው ጥያቄ የሚገኘውን ጨው ይወስናል። ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ከሆነ መደበኛው ሴሌናይት ይረጋል፤ በዚህኛው ለሁለት ኒዮዲሚየም ሦስት ሴሌናይት ይደርሳል። ሴሌኒየስ አሲድ ከበዛ ግን ከጉልቻዎቹ አንዱ ላይ ሃይድሮጂን ይቀመጥና ሃይድሮጂን ሴሌናይት የሚባል ሌላ ጨው ይመጣል። ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ከብራዚልና ከፊንላንድ ቤተ ሙከራዎች የወጡ የቀድሞ ጥናቶች ጊዜያቸውን ካጠፉባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ እጃችን ላይ ያለው የትኛው ጨው ነው? ስንት የውኃ ሞለኪውልስ ይዟል?

ሁለተኛው መንገድ ደረቅ ነው። ኦክሳይዱና ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ ተደባልቀው ይሞቃሉ። ችግሩ ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ 315 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ሳይቀልጥ በቀጥታ ተንኖ መሄዱ ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ ከሆነ ኦክሳይዱን ጥሎት ይጠፋል። ስለዚህ ድብልቁ የኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ አየሩ ይመጠጣል፣ የቱቦው አፍ በነበልባል ቀልጦ ይታሸጋል፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ሙቀቱ ቶሎ ከወጣ ቱቦው በውስጡ በታመቀው ትነት ይፈነዳል። ሦስተኛው መንገድ ቴፍሎን በለበሰ የብረት ዕቃ ውስጥ ውኃን ከነጨዉ 200 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ነው፤ መርሁ ከወጥ ቤት ፕሬሸር ኩከር አይለይም። ጥሩ ክሪስታል የሚፈልግ ሰው ይህንን ይመርጣል።

አሁን ወደ ሚዛኗ እንመለስ፤ ከዚያ በፊት ግን ቡና። ባለፈው እሑድ 300 ግራም ጥሬ ቡና በወጥ ቤት ሚዛን መዝኜ ቆላሁ፤ ከወረደ በኋላ ስመዝነው 255 ግራም ሆነ። የጎደለው 45 ግራም በአብዛኛው ውኃ ነው፤ የቀረው ቤቱን ያወደው ጭስና ጋዝ ነው። ሲቆላ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የትኛው መቼ እንደወጣ አይ ነበር። የኖራ ምድጃም እንዲሁ ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ገብቶ 56 ኪሎ ይወጣል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሄዷል። ቁጥሩ ሁልጊዜ 44 ነው፤ ምክንያቱም የአቶሞቹ ክብደት የተወሰነ ነው። የሙቀት ሚዛን የሚሠራው በዚህ እርግጠኝነት ላይ ተመሥርቶ ነው። ዱቄቱ በደቂቃ 5 ወይም 10 ዲግሪ እየሞቀ ክብደቱ ያለማቋረጥ ይመዘገባል።

ሳህኗ ላይ ያለው የኒዮዲሚየም ሴሌናይት አራት የውኃ ሞለኪውሎች ይዟል እንበል። መነሻው 20 ሚሊ ግራም ነው። ከ100 ዲግሪ እስከ 250 ዲግሪ ባለው መካከል ውኃው ይለቃል፤ አንዳንዱ ሞለኪውል በቀላሉ፣ ከብረቱ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ደግሞ ዘግይቶ። ሚዛኗ 18.06 ላይ ትቆማለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሆንም። ሙቀቱ 300 አልፎ፣ 400 አልፎ ይሄዳል፤ መስመሩ ዝንፍ አይልም። ይህ ጠፍጣፋ መስመር ራሱ ወሬ ነው፤ ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ ብቻውን ቢሆን በ315 ዲግሪ በነነ ነበር፤ እዚህ ግን ኒዮዲሚየሙ ይዞታል። ከ500 ዲግሪ ወዲያ መያዣው ይላላል። አንድ ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሄድ 3 ሚሊ ግራም ያህል ይጎድላልና ሚዛኗ 15.06 ትላለች፤ ሁለተኛው ሲሄድ 12.07። እዚህ ላይ የሚቀረው ለአንድ ኒዮዲሚየም ኦክሳይድ አንድ ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ የያዘ ኦክሲሴሌናይት ሲሆን ከሁሉም ግትሩ እሱ ነው። እሱን ለማፍረስ ወደ 1,000 ዲግሪ መጠጋት፣ አንዳንዴም ማለፍ ያስፈልጋል። በመጨረሻ 9.08 ሚሊ ግራም ንጹሕ ኦክሳይድ ይቀራል፤ ከተነሣንበት ከግማሽ በታች።

በእውነተኛው መስመር ላይ ደረጃዎቹ እንደ ፎቅ ደረጃ የተቆረጡ አይደሉም። አንዱ ከሌላው ይደባለቃል፤ በአንዳንድ አባላት ላይ በሁለት ደረጃዎች መሀል ሌላ ማረፊያ ይታያል፤ ለሁለት ኦክሳይድ ሦስት ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ የያዘ። ምድጃው በፍጥነት ከሞቀ ሁሉም ነገር ወደ ከፍተኛው ሙቀት ይገፋል፤ ትነቱን የሚጠርግ ጋዝ በደንብ ካልነፈሰም እንደዚሁ። ለዚህ ነው በሁለት ጽሑፎች ላይ ለአንድ ጨው የተሰጡ የሙቀት ቁጥሮች 50 ዲግሪ ተለያይተው ሲገኙ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብሎ መደምደም የማይገባው። ክብደቱ ግን አይዋሽም፤ የሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ ክብደት በማንም ምድጃ አንድ ነው። የወጣው ትነት ደግሞ ከምድጃው ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ ነጭ መርፌ መስሎ ይጋገራል። አቧራ ወይም የጣት ቅባት ካገኘ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ያ ቀይ ነገር ሴሌኒየም ራሱ ነው፣ ቤርሴሊየስ ከጋኑ ሥር ያገኘው። ጓንት ያላደረገ ሰው ቆዳው ይቃጠላል፤ ያለ ጭስ መውጫ የሠራ ሰው ደግሞ ትንፋሹ ለቀናት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሰውነት ሴሌኒየምን የሚያስወጣበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ሃይድሮጂን ሴሌናይቱ ሲጣድ ሌላ ትርኢት አለ። መጀመሪያ በውስጡ የተቋጠረው ውኃ ይወጣል። ቀጥሎ ሁለት ጎረቤታም ጉልቻዎች ሃይድሮጂናቸውን አዋጥተው አንድ የውኃ ሞለኪውል ይሠሩና ይለቁታል፤ እነሱ በአንድ ኦክስጅን ተያይዘው ይቀራሉ። ዳይሴሌናይት ይባላል። እሱም አንድ ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ ሲለቅ መደበኛው ሴሌናይት ይሆንና ከላይ ወደተረኩት ደረጃዎች ይገባል። በዓይን የማይለዩት ሁለት ዱቄቶች ሚዛን ላይ ሲጣዱ እንዲህ ይለያሉ።

ተመሳሳዮቹ የቤተሰቡ አባላትም መለያየት የሚጀምሩት እዚህ ነው። ወደ ሉቴሺየም በሄዱ ቁጥር አዮኑ ስለሚያንስ በዙሪያው የሚይዛቸው ኦክስጅኖች ይቀንሳሉ፤ ጨዉ ከውኃ የሚያነሣው ድርሻና የክሪስታሉ አደራደርም አብሮ ይቀየራል። ኦክሳይዱ ይበልጥ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) የሆነው ላንታነም አሲዳማ ትነቶችን ጠበቅ አድርጎ የመያዝ ዝንባሌ አለው፤ ከባዶቹ ይላላሉ። ሕጉ ጥብቅ አይደለም፤ ከሕጉ የሚያፈነግጡት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይሉኛል። ሴሪየም አየር ባለበት ሲሞቅ አራተኛ ኤሌክትሮን ይለቅና ፈዛዛ ቢጫ ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ላይ የሚቀረው ከተጠበቀው ይከብዳል። ፕራሴዮዲሚየም ጥቁር፣ ቴርቢየም ቡናማ ኦክሳይድ ይተዋሉ፤ ሁለቱም ተጨማሪ ኦክስጅን ያነሣሉ። ይህንን ያላወቀ ተማሪ ሂሳቡ አልገጥም ሲለው ሚዛኑን ይወቅሳል። ሞሳንደር ላንታነምን ከሴሪየም ነጥሎ ያወጣው ግን በዚህችው ልዩነት ነው፤ የሞቀው የሴሪየም ኦክሳይድ ቀጭን አሲድ አልደፍረው ሲል ላንታነም ሟሟ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ ታዲያ የቻይና ፋብሪካዎች ሴሌናይት ይሠራሉ ማለት ነው? አይሠሩም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሴሌኒየም መርዛማ ነው፣ የሚገኘው በአብዛኛው ከመዳብ ማጣሪያ አተላ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ኢንዱስትሪው አባላቱን የሚለየው በፈሳሽ ነው። አሲዳማ ውኃና በኬሮሲን የቀጠነ ኦርጋኒክ ፈሳሽ በመቶዎች በሚቆጠሩ ገንዳዎች ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተላለፉ ሲደባለቁና ሲለያዩ፣ ያቺ የአንድ ፒኮሜትር ልዩነት እየተደማመረች ትሄዳለች። በዚህ ሥራ ላይ የቤጂንግ ዩኒቨርሲቲው ሹ ጓንግሺያን በ1970ዎቹ ያበጁት ስሌት ትልቅ ቦታ አለው፤ ስንት ገንዳ፣ ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚያስፈልግ በሙከራ ከመዳከር ይልቅ አስቀድሞ ማስላት አስቻለ። ከመጨረሻው ገንዳ የሚወጣው ውኃ ላይ ኦክሳሊክ አሲድ ወይም ካርቦኔት ይጨመራል፤ ይረጋል፣ ይጣራል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ኦክሳይድ ይሆናል። ማርጋት፣ ማጣራት፣ ማጠብ፣ መጣድ፤ ሴሌናይቱ ላይ ያየናቸው አራት ሥራዎች ናቸው። ዝቃጩ ልጥ ነው ወይስ እህል? ክሎራይድ አቅፎ ቀርቷል? በስንት ዲግሪ ምን ይለቃል? የማግኔት ፋብሪካ ዱቄቱን የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ካሊፎርኒያ የሚገኘው ማውንቴን ፓስ የተባለው የብርቅዬ ምድር ማዕድን ጉድጓድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ማዕድኑ የተገኘው በ1949 ነው። በ1960ዎቹ ቀለም ያለው ቴሌቪዥን ቀዩን ብርሃን ለመስጠት ዩሮፒየም ሲፈልግ ይህ ጉድጓድ የዓለም ዋና ምንጭ ሆነ። በ2002 ተዘጋ። ኋላ እንደገና ሲከፈት ከመሬት የወጣው ማዕድን ለዓመታት በመርከብ ተጭኖ የሚሄደው ወደ ቻይና ነበር፤ ለማጣራት። ድንጋዩ አሜሪካዊ፣ መለየቱ ቻይናዊ! በ2024 ከዓለም የማዕድን ምርት ከመቶ 70 የሚሆነው የቻይና ነበር፤ በማጣራቱ ግን ድርሻዋ ወደ 90 ይጠጋል። እነዚህ 20 ነጥቦች ከመሬት የተቆፈሩ አይደሉም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በጁላይ 2025 ጉድጓዱን በያዘው ኩባንያ ውስጥ የ400 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ሲገዛና ለኒዮዲሚየምና ፕራሴዮዲሚየም በኪሎ 110 ዶላር ዝቅተኛ ዋጋ ዋስትና ሲሰጥ የገዛው ድንጋይ አልነበረም፤ ድንጋዩማ ድሮም ነበረው። የገዛው ለገንዳዎቹ፣ ለምድጃዎቹና ለማግኔት ፋብሪካው የሚሆን ጊዜ ነው።

ወሬው አዲስ አበባም ይደርሳል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ መጥተዋል። የብዙዎቹ ሞተር በኒዮዲሚየም ማግኔት የሚዞር ሲሆን ሙቀትን እንዲቋቋም ዲስፕሮሲየም ወይም ቴርቢየም ጣል የሚደረግበትም አለ። የሴሌኒየሙ ወገን ደግሞ ከእርሻችን ጋር ይገናኛል። በ2021 የታተመ በኢትዮጵያና በማላዊ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ከማሳ የተሰበሰበ እህል መርምሮ የሴሌኒየሙ መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ የአንድ አካባቢ ጤፍ የሚሰጠውን የሌላው ላይሰጥ ይችላል። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው 55 ማይክሮ ግራም ነው፤ 400 ካለፈ ሊጎዳ ይችላል። በቻይና በኬሻን አውራጃ ስም የተጠራውን የልብ ሕመም ለመከላከል ለሕፃናት የተሰጠው ክኒን ሶዲየም ሴሌናይት ነበር፤ ከላይ ጠብ ጠብ ያደረግነው ያው ጨው።

ሴሌናይቶቹ ራሳቸው ለምን ይጠናሉ ለሚል አንድ ምክንያት ልጨምር። የኑክሌር ነዳጅ ሲነድ ከሚተዋቸው ነገሮች አንዱ ሴሌኒየም 79 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው ከ300,000 ዓመት ይበልጣል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ከሚይዛቸው መልኮች አንዱ ሴሌናይት ነው፤ በዚህ መልኩ ከመቃብሩ አምልጦ ሊሄድ ይችላል። በዚያው ቆሻሻ ውስጥ የብርቅዬ ምድር ንጥረ ነገሮች ሞልተዋል፤ እንደ አሜሪሲየም ላሉ አደገኛ ዘመዶቻቸውም ቤተ ሙከራ ውስጥ ምትክ ሆነው ይሠራሉ። የማይሟሟ ጨው ሆነው ይያያዛሉ? ሙቀት ሲመጣ ይላቀቃሉ? ጥያቄው የሚዛኗ ጥያቄ ነው። ከዚህ ሌላ ያ ወደ አንድ ጎን ያደላው የኤሌክትሮን ጥንድ አንዳንዱን ክሪስታል የሌዘርን ቀለም መለወጥ የሚችል ያደርገዋልና የኦፕቲክስ ሰዎችም ይፈልጉታል። እነሱን ክሪስታሉ ስንት ዲግሪ ድረስ ሳይፈርስ እንደሚቆይ መንገር የግድ ነው።

ምድጃው ጠፍቷል። ሳህኗ ላይ 9.08 ሚሊ ግራም ቀርቷል። መስኮት ዳር ሲያዩት ዱቄቱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ በቤተ ሙከራው የፍሎረሰንት መብራት ሥር ሲያዩት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ኒዮዲሚየም ከብርሃኑ የሚመርጠው ጠባብ ጠባብ ቀለም ስላለ ነው። ተማሪው ምሳውን በልቶ ሲመለስ ግን ቁጥሩ 9.08 አይሆንም፤ ትንሽ ከፍ ብሏል። በተለይ ዱቄቱ የላንታነም ቢሆን ኖሮ ጭማሪው በግልጽ ይታይ ነበር። እነዚህ ኦክሳይዶች ክፍት ቦታ ላይ ሲቀመጡ ከአየሩ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሰው ይጠጣሉ። ስለዚህ ኦክሳይድ በቶን የሚገዛ ነጋዴ ውሉ ላይ ዱቄቱ እንደገና ምድጃ ሲገባ ከመቶ ስንት ቢጎድል እንደሚቀበል ያስጽፋል፤ አለበለዚያ በኒዮዲሚየም ዋጋ የሚገዛው አየርና ውኃ ይሆናል።